ሰው የሌለበት መንገድ

ልጄ ሩሚሳ ለሰርጓ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ከእኔ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ወርቅ ትለኛለች ብዬ ነበር። ወርቅ ባትል ምንጣፍ፣ ምንጣፍ ባትል ድስት። እሷ ግን ፈረንሳይ አገር ሄደን አንድ ሳምንት አብረን ብስክሌት እንንዳ አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ነዚፋ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ብስክሌት ልነዳ ይቅርና መሪውን እንኳ ይዤ አላውቅም።

ሩሚሳ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አትላንታ ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለትምህርት መንፈቅ ያህል ፈረንሳይ ተቀምጣ ነበር፤ ናንት ከሚባለው ከተማ የሚነሳ የድሮ ቦይ ያገኘችውም ያኔ ነው። ቦዩን የቆፈረው የሰው እጅ ነው። ድሮ ጀልባ ይሄድበት ነበር፣ ጀልባውን ደግሞ በቦዩ ዳር የሚሄዱ ፈረሶች በገመድ ይጎትቱት ነበር። አሁን የፈረሶቹ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ተትቷል፤ መኪና ዝር አይልበትም። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ውሃውን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው። የውሃውን በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ዘበኞች ይኖሩባቸው የነበሩ ትንንሽ ቤቶች በየርቀቱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ መንገደኛ ያሳድራሉ። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ካርታውን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ፣ ቦዩን በጣቷ እየተከተለች ነው።

«ብቻዬን ነበር የነዳሁት፣ እማ» አለችኝ። «ላይክ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ማንንም አታዪም። ያኔ ነው እናቴን እዚህ አመጣታለሁ ያልኩት።»

ከዚህ ሁሉ ወሬ እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው ብቻዋን መሆኗ ነው። ልጄ በሰው አገር፣ ውሃ ዳር፣ ሰው በሌለበት መንገድ ስትነዳ ታየችኝ። እንኳን ብስክሌት አውሮፕላን ንጂ ብትለኝም ያን ሰዓት እምቢ አልላትም ነበር። እሺ አልኳት።

ባሌ ሙሀመድዘይን ሲሰማ አበደ። እሱ እዚህ ከተማ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ስለዚህ በዓለም ላይ ከእሱ በቀር መንጃ ፈቃድ የሚገባው ሰው የለም ብሎ ያምናል። ሹፌር ሁሉ ስልክ እያወራ ነው የሚነዳው፣ ብስክሌት የሚያይበት ዐይን የለውም አለኝ። ይህን የነገረኝ ራሱ ሃይዌይ ላይ እየነዳ ደውሎ ነው። መኪና የማይገባበት መንገድ ነው ብዬ ሳስረዳው፣ እዚያ እስክትደርሺስ የምትለማመጂው የት ነው፣ ሰማይ ላይ ነው ወይ አለኝ። ልጄ ናት የጠየቀችኝ ስለው ግን ክርክሩን ተወው። ሩሚሳ ከተባለ እሱም እንደኔ ጅል ነው።

ሩሚሳ ብስክሌት ገዝታ አመጣችልኝና እሑድ እሑድ ሊቶኒያ ሰፈራችን ውስጥ ታለማምደኝ ጀመር። መንገዳችን መጨረሻው ዝግ ነው፤ ከነዋሪው በቀር መኪና አይመጣበትም። ቀሚስ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል ብዬ፣ እግሩ ጋ ጠበብ ያለ ሰፊ ሱሪ ራሴ ሰፋሁ። ሙሀመድዘይንም ከተነሳሽማ አይቀር አለና ታክሲውን አስነስቶ ከኋላዬ መጣ። አራቱንም ፍሬቻ እያበለጨለጨ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት። እኔ ከፊት እየተንገዳገድኩ፣ ልጄ ኮርቻውን ይዛ ከጎኔ እየሮጠች፣ ታክሲው ከኋላ። የአሜሪካ ደቡብ ሰው ደግሞ የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ቆሞ ማክበር ልማዱ ነው። ሣሩን ያጭድ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ማሽኑን አጥፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እስክናልፍ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆመልን። ሩሚሳ በሳቅ ኮርቻውን ስትለቀው እኔ ከነብስክሌቴ የሰውዬው አበባ ውስጥ ገባሁ።

ስንት እሑድ እንዲህ ሆነ። የሞተሩን ድምፅ ከኋላዬ በሰማሁ ቁጥር መሪው ይጠማዘዝብኛል። ተወኝ ብለው አይሰማም፤ ሌላ መኪና ቢመጣ ማን ይከልልሻል ይለኛል። እኔም ተናድጄ ከብስክሌቱ እወርድና መንገድ ዳር ስንጨቃጨቅ ልጄ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች።

አንድ እሑድ የቆየ ደንበኛው አየር ማረፊያ አድርሰኝ ብሎ ደወለለት። እያጉረመረመ፣ እስክመለስ እንዳትሞክሪ ብሎኝ ሄደ። ታክሲው ማዕዘኑን ሲዞር ሰፈሩ ጸጥ አለ። ወዲያው ብስክሌቱ ላይ ወጣሁና ፔዳሉን ረገጥኩ። ሩሚሳ የቱ ጋ እንደለቀቀችኝ አላውቅም፤ የራሴን ትንፋሽና የጎማውን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሼ ነበር። ዞሬ ስመለስ ልጄ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ሙሀመድዘይን ሲመጣ ነድቼ አሳየሁት። ከታክሲው ወርዶ ቆሞ አየኝና ዐይኑን በክንዱ ጠረገ፤ የአበባው ብናኝ፣ ፖለኑ ነው አለ። ወሩ የፖለን ወር ስለነበረ ተውኩት።

እኔ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ሻርፕ፣ ጨርቅና ቅመም እሸጣለሁ። ሱቋ ውስጥ ወንበር ስላለ ከሚገዛው የሚቀመጠው ይበዛል። ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት ለምጄ ሳልናገር እንዴት ልደር? ነገርኳቸው። ፈረንሳይ መሄዴንም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከእኛ መሃል አንድ ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ነው ከተባለ ሻንጣው የእሱ መሆኑ ያበቃል።

የሱቅ ጎረቤቴ ሀፍሳ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ሊዮን ላለች እህቷ በርበሬ አመጣች። ሊዮን ከኛ ቦይ ወዲያ፣ የአገሩ ሌላ ጥግ መሆኑን ማን ያውቃል፤ ፈረንሳይ ለእኛ አንድ ቀበሌ ነው። ሌላዋ ለወንድሟ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላዋ ለአማቷ ነጠላ። ክላርክስተን የሚኖሩት እትዬ ደጊቱ ሩዋን ለሚባል ከተማ፣ ለልጃቸው ለተገኝ፣ ሽሮ በጨርቅ ጠቅልለው፣ አፉን በመርፌ ሰፍተው ላኩ። ብስክሌት ላይ ነኝ ብዬ ልናገር ሞክሬ ነበር፤ ሀፍሳ፣ ብስክሌት ታዲያ ዕቃ ሊጫንበት አይደል የተሠራው አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። ደግሞስ የሰው ዕቃ እምቢ ብሎ የሄደ ሰው በምን ዐይኑ ይመለሳል?

ዕቃ ከመጣ ደግሞ ሰው ይከተላል። የሀፍሳ እህት ናንት ካለች ጓደኛዋ ጋር በስልክ አገናኘችን፤ ጓደኛዋ እኔ እያለሁ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለች። ተገኝ ደወለና እኔ ጋ ሁለት ቀን ካላደራችሁ እቀየማለሁ አለ። የሊዮኗ እህትም እኔስ ምን በደልኩ አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የሳምንቱ ሌሊት ሁሉ ባለቤት አገኘ። ሩሚሳ ቦዩ ዳር ካሉት ትንንሽ ቤቶች ሪዘርቭ እንዳደረገች አውቃለሁ። ግን የማታውቀው ፈረንጅ ቤት ከምታድር የወገን ቤት አይሻልም? በሄድንበት ሁሉ በሩን ከፍቶ፣ ምግብ አቅርቦ የሚጠብቀን ሰው አገኘሁላት። ላስደንቃት ብዬ ሳልነግራት ቆየሁ።

ሙሀመድዘይን ብቻ ነው አንድ ቀን የሚቀመጥበት ቢያጣ በርበሬውን በእግሩ ወደ ጥግ እየገፋ፣ ልጅቷ ያለችሽ ይሄን ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ። አንተ ታክሲህን ንዳ አልኩት።

ልንሄድ ጥቂት ሲቀረን ሩሚሳ የብስክሌቶቹን ሻንጣ ይዛ መጣች። ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ከረጢቶች ናቸው፤ የሳምንት ልብሳችን ሁሉ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሳሎኑን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ጥቅሉ ከሶፋው ኋላ እስከ መስኮቱ ተደርድሯል፤ ቤቱ በርበሬ በርበሬ ይላል። እኔ በኩራት ነገርኳት፤ የት እንደምናድር፣ ማን ባቡር ጣቢያ እንደሚቀበለን፣ ማን ዶሮ እንደሚሠራልን። ስጨርስ ካርታዋን አውጥታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችና ሩዋንን አሳየችኝ፣ ቀጥሎ ሊዮንን። ወደዚያ ለመሄድ ብስክሌቱን ትቶ ባቡር ላይ መዋል ነው። ጣቷ ካርታው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል እኔም ማየት ጀመርኩ።

«ቦዩ ላይ የምንነዳው መቼ ነው?» አለችኝ።

ቀኖቹን በልቤ አሰብኳቸው። «ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለ» አልኳት።

ሳቅ ብላ አንገቷን ደፋች። ካርታውን ቀስ ብላ ማጠፍ ጀመረች፤ እጥፉን እየሳተች ደግማ ዘረጋችው፣ ደግማ አጠፈችው።

«እማ፣ እኛ ቤት ሰው ጠፍቶ አያውቅም» አለችኝ። «አይ ሚን፣ ሁሌ እንግዳ አለ፣ ሁሌ ስልክ አለ፣ ሁሌ ሱቅ አለ። አልጠላሁትም፤ እንደዛ ስለሆንሽ ነው ሰው ሁሉ የሚወድሽ። ግን አንድ ጊዜ አንቺን ብቻ ፈለግኩ። እዚያ ልወስድሽ ያልኩት እኮ ሰው ስለሌለ ነው።»

ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝና፣ ከከበደኝ ጉዞውን ካንስል እንደምታደርገው፣ ችግር እንደሌለው ነግራኝ ወጣች። ባዶዎቹን ከረጢቶች እዚያው ትታቸው ነው የሄደችው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ የእኔ ነገር ሁሌም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ደጅ ወጣሁ። ሙሀመድዘይን ታክሲውን ያጥባል። ሰው የሚሸሽ ልጅ አሳደግን፣ ፈረንጅ ሆና ቀረች፣ የወገን ቤት ጠላች ብዬ ለፈለፍኩበት። ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነከረና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሰው አልሸሸችም፤ አንቺን ፈለገች» አለኝ። «እኔን ብትጠራኝ ታክሲውን ዛሬ ሸጬ እሄድ ነበር። እኔን ማን ጠራኝ?»

ይህን ብሎ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ፊቱን እንዳላይበት እንደሆነ ገብቶኛል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሩሚሳ ከሰርጓ በኋላ ከባሏ ከሱሀይብ ጋር ሚኒያፖሊስ ልትኖር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማገኛት በዒድና በስልክ ነው። በዒድ ደግሞ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ከዚህ ሳምንት ሌላ ሳምንት የለንም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ አንዱን ሳምንት ከፋፍዬ ለሊዮንና ለሩዋን አድዬዋለሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ስልኩን አነሳሁ። ለእያንዳንዷ ያው ነው ያልኩት፤ ከልጄ ጋር ብቻዬን ልሆን ነው፣ ዕቃሽን ሙሀመድዘይን ያመጣልሻል። ለመናገር ከባድ ነው። ታምሜያለሁ ማለት ይቀላል፣ ቪዛ ከለከሉኝ ማለት ይቀላል። ሀፍሳ ከልቧ ግራ ገብቷት፣ ከልጅሽ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ምን ልትሠሩ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላውቅም። አንዷ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አንዷ ስትኮሪ ኖረሽ አሁን አወቅንሽ አለችኝ። ናንት ያለችው ሴትዮ ዶሮውን ፍሪዘር አስገብቼ ነበር ብላ አለቀሰች። ሙሀመድዘይን ግን ጥቅሎቹን ታክሲው ውስጥ እየጫነ ከተማውን ዞረ። ያን ቀን የተሳፈሩት ሰዎች እስከ ማታ ሲያስነጥሱ ዋሉ አለኝ።

የእትዬ ደጊቱን ጥቅል ግን በሌላ ሰው መመለስ ነውር ሆነብኝ። ሩሚሳ ጋ ደውዬ ክላርክስተን አድርሺኝ አልኳት። ጥቅሉን ጭኔ ላይ ስታየው ሞተሩን አስነሳች። ደርሰን ፓርክ አደረገችና እዚያው ቀረች፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ።

እትዬ ደጊቱ ዕቃውን እጄ ላይ ሲያዩ ገባቸው። ተቀብለውኝ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ስፌቱን በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ይቅርታዬን ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ሽሮማ እዚያም አይጠፋም» አሉኝ። «ልጄን አይቶት የሚመጣልኝ ዐይን ፈልጌ ነው። ከሳ፣ ወፈረ፣ ፀጉሩ ሸበተ ብሎ የሚነግረኝ።»

ይስጡኝ እወስደዋለሁ ልላቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አያዩም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው። ሩሚሳ መኪናው ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«ያቺ ናት ልጅሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በይ ሂጂላት» አሉኝ፣ ጥቅሉን ወደ ሆዳቸው ሳብ አድርገው። «እኔ ተገኝን አንድ ሳምንት ባገኘው የማንንም ሽሮ አልይዝም። እርስዎ ቢሉኝም አልይዝ፣ እመቤት ቢሉኝም አልይዝ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። መኪና ውስጥ፣ እትዬ ደጊቱ ያሉኝን ሁሉ ለሩሚሳ ነገርኳት። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም እጇን እጄ ላይ አድርጋ፣ ካንስል ሳላደርገው ቆይቻለሁ አለችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ እስኪነፉብን ድረስ እጇን አላነሳችም።

ከመሄዳችን በፊት ባለው ቅዳሜ ረጅም መንገድ እንድለማመድ ሲልቨር ኮሜት ወሰደችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መንገድ ነው። ሐዲዱን አንስተው አስፋልት አንጥፈውታል፤ ጫካ ለጫካ ይሄዳል፣ መኪና አይገባበትም። ብስክሌቶቹ ላይ ከረጢቶቹን አንጠልጥለን ነው የሄድነው፤ ውስጣቸው የኛው ልብስ ብቻ ስለሆነ ቀላል ናቸው። እሷ ትንሽ ኋላ ቀረት ብላ፣ እኔ ፊት ሆኜ፣ ብዙም ሳናወራ ነዳን። ምን እናወራለን ብዬ ስጨነቅ የነበረው ሁሉ ጠፍቶልኝ ነበር። አንዳንዴ ወፍ ታሳየኛለች። አንዳንዴ እኔ እንዲያው ስሟን እጠራና አለሁ ትለኛለች።

አንድ ድልድይ አጠገብ ስንደርስ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከፊታችን መጣች። ፅጌረዳ ናት፤ የሱቄ ደንበኛ፣ የቅርብ ሰው፣ ከወለደች ጀምሮ ልጠይቃት እሄዳለሁ እያልኩ ያልሄድኩላት። አጠገቧ ከአዲስ አበባ ሊያርሷት የመጡት እናቷ አሉ። ከሩቅ አውቃኝ፣ ነዚፋ፣ አንቺ ነሽ ወይ እያለች እጇን ታወዛውዛለች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ይወረዳል፣ ይሳሳማል፣ እናትየው እንዴት ገቡ ይባላል፣ ሕፃኑ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ደግሞ እንደገና ይሳሳማል። ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ነበሩ።

አንድ እጄን ከመሪው አነሳሁላት። «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ከልጄ ጋር ነኝ፤ ስመለስ ቤት እመጣለሁ» አልኳትና አለፍኩ። እናትየው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ በዐይኔ ጠርዝ አይቻቸዋለሁ።

ሩሚሳ ፔዳሏን እየረገጠች ደረሰችብኝና ጎን ለጎን ሆንን። ፊቷ ደንግጧል።

«እማ፣ ምነው ሳትቆሚ? ፍሬኑ እምቢ አለሽ?»

«ፍሬኑ ደህና ነው» አልኳት። «መቆም አልፈለግኩም።»